የካፒቴን ሮጀር ለቅሶ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ባለፈው ስለ ሮቢ ወንዝ አዞ የነገርኳችሁን እርሱት፤ እሱን ትንሽ አሳድጌዋለሁ፣ በእርግጥ እንሽላሊት ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ነው፤ በፈለጋችሁት ታቦት እምላለሁ። አላምንም ያለ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት እትዬ ፈለቀች ሆቴል ምሳ የበላ ሾፌር ፈልጎ ይጠይቅ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለሞተ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ቀወት ገጠር ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ ደረት ተመቶ፣ አርባው እንደወጣለት ይነግረዋል።

ትርንጎ የእትዬ ፈለቀች አንድ ልጅ ናት። እትዬ ፈለቀች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሆቴሉን ብቻቸውን የያዙ፣ ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ የሚፈራቸው፣ ብርጭቆ በደንብ ያላጠበ ሠራተኛ በዓይናቸው ብቻ የሚያደርቁ ሴት ናቸው። በላይ ደግሞ የእማማ ዘነበች ልጅ ነው፤ ከከተማው በላይ ካለው የቀወት ገጠር በአህያ ሽንኩርት ጭኖ ለሆቴሉ ጓዳ የሚያመጣ። እሱ ሲያራግፍ እሷ ስትረከብ ሁለት ዓመት ተያዩ። በሁለት ዓመት የተነጋገሩት ቢደመር አንድ የፖስታ ካርድ አይሞላም፤ የተያዩት ግን በጭነት ቢለካ አህያዋ አትችለውም ነበር። ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው የሚቀላው ሲሏት ሽንኩርቱ ነው ትላለች። እናቷም ያምናሉ፣ ወይም የሚያምኑ ይመስላሉ።

በላይ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ባሕር ኃይል ገባ። ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ላከ። እትዬ ፈለቀች ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው በክብር ሸኟቸው፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ፣ ውኃ ላይ ቤት የሠራ ሰው ልጄን የት ሊያስቀምጣት ነው ብለው መለሷቸው። እሳቸው ያሰቡላት አጣዬ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ያለውን ወርቁ የሚባል ነጋዴ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው ደብዳቤ ብቻ ሆነ። የወታደር ደብዳቤ ደግሞ ካምፕ ውስጥ ተከፍቶ ይነበባል። መርከቧ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማን እንደቆሰለ፣ ለምሳ ምን እንደቀረበ እንኳ መጻፍ ክልክል ነው። በላይ ወረቀቱ ባዶ እንዳይሆንበት መላ መታ። አሰብ ከመመደቡ በፊት ምጽዋ ሲሠለጥን ከአልጋው ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አግኝቶ ነበር፤ ሮጀር ፔንዳሪ የሚባል የድሮ ዘመን የባሕር ኃይል መኮንን ታሪክ። ስለዚህ ደብዳቤው ሁሉ በሁለት መስመር “እኔ ደህና ነኝ፣ እናቴን ሳሚልኝ” ይልና የቀረው አራት ገጽ የሮጀር ሆነ።

ሮጀር የገበሬ ልጅ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ገመድ ሲቋጥር አደገ። መድፍ ተኳሽ ሆነ። ሆላንዶችን ሲዋጋ አንድ ጆሮው ደነቆረ፣ ተማርኮ አሥራ አራት ወር ምድር ቤት ታሰረ። ተፈቶ ሲመለስ ምክትል አደረጉት፤ ካፒቴን ለመባል ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ገመድ መቋጠር የማይችል የመኳንንት ልጅ፣ ገመድ ከሚያውቀው የገበሬ ልጅ ቀድሞ ይሾም ነበርና። ትርንጎ ይህን ቅዳሜ ቀትር ላይ ሆቴሉ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ፣ ሾፌሮቹ ሹካቸውን አስቀምጠው ይናደዳሉ። ጀይላን የሚባል የአርጎባ ሰው፣ የተሳቢ ሾፌር፣ ጉዞውን ከደብዳቤው ጋር ያስተካክል ጀመር። ገና ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ሮጀሬ መርከብ ሰጡት ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሮጀር የሚወዳት አንዲት የመስፍን ልጅም ነበረች። እናቷ፣ ውኃ ላይ ቤት ለሠራ ሰው አልሰጣትም ብላ ትከለክለዋለች። እዚህ ላይ ሲደርስ የትርንጎ ድምፅ ዝቅ ይላል። እትዬ ፈለቀች ግን ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው፣ “እሷስ ብልህ ሴት ናት” ይላሉ።

እማማ ዘነበች በገበያ ቀን ወርደው፣ ከትርንጎ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሮጀር የልጃቸው አለቃ ይመስላቸው ነበር። እሱ ይሾም እንጂ፣ እሱ ከተሾመ ለልጄም ያልፍለታል እያሉ ሻማ ይሳሉለታል። ትርንጎ አንድ ቀን ልታስረዳቸው አስባ ፊታቸውን አይታ ተወችው። እሷም ብትሆን በሆዷ ስለ ሮጀር ሹመት ስትጸልይ ራሷን ደርሳበታለች።

በግንቦት አንድ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የበላይ አይደለም። ትርንጎ ቀድዳ ስትከፍተው “እኔ ደህና ነኝ” የሚለው መስመርም የለም። በቀጥታ “ካፒቴን ሮጀር ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ባሕር ወጣ” ብሎ ይጀምራል። ሆቴሉ ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ ማቆም አልቻለችም። አነበበች። መድፍ ቀኝ እጁን ወሰደው። ሁለት ቀን ተኝቶ በሦስተኛው ሞተ። በሸራ ጠቅልለው፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስረው ወደ ባሕር ጣሉት። የመስፍኑ ልጅ እናት በቀብሩ ብትገኝ ኖሮ፣ ይኸው አሁን ቤቱ ገባ ትል ነበር ይላል ደብዳቤው። ትርንጎ እዚህ ላይ ሳታስበው ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ከዚያ ወረቀቱ አለቀ።

በእኛ አገር ሰው ሞተ ተብሎ አይጻፍም፣ እንዲሁ በቀጥታም አይነገርም። ትንሽ አሞታል ከተባለ በጠና ታሟል፤ በጠና ታሟል ከተባለ ተቀብሯል። መርዶ የሚያረዳ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ሌላ ሰው እያወራ ዙሪያውን ሄዶ ነው የሚደርሰው። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ፣ ደህና ነኝ የማይል፣ ሩቅ አገር ስለሞተ መርከበኛ የሚያወራ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሆቴሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው።

“አለቃው ነው የሞተው?” አሉ እማማ ዘነበች።

እማማ ዘነበች የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ የሚያያቸው ሰው አጡ። ጀይላን እንኳ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው አዘቀዘቁት። ትርንጎ የዚያን ነጠላ አወራረድ በሕይወቷ አልረሳችውም፤ ጮኸው ቢሆን ይሻላት ነበር።

መንደሩ ውስጥ ሦስት ቀን ተለቀሰ። አልቃሿ ስለ ባሕር የምታውቀው ነገር ባይኖራት የሰማችውን የሮጀርን ሙያ ለበላይ ሰጠችው፤ ሆላንድን ያርበደበደ፣ ዘጠኝ ዓመት ሹመት የተነፈገ እያለች አወረደችው። ሆላንድ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ሁሉ በሆላንድ ላይ ደረቱን መታ።

ትርንጎ ግን ጥቁር አልለበሰችም። እናቷ ልብሱን አጥበው ተኩሰው አልጋዋ ላይ አስቀመጡላት፤ አጥፋ መለሰችላቸው። እትዬ ፈለቀች አልተቆጡም። ጎኗ ተቀምጠው ጀርባዋን እያሻሹ፣ አልቅሺ ልጄ፣ ካላለቀስሽ አይወጣልሽም አሏት። ከአርባው በኋላ የወርቁ ሰዎች ሊመጡ እንደሚፈልጉም በዚያው ድምፅ፣ ቀስ ብለው ጨመሩ።

ትርንጎ “ይኸው አሁን ቤቱ ገባ” ስለምትለው የደብዳቤው ቀልድ ልትነግራቸው አሰበች። የወዳጁን ሞት የሚያረዳ ሰው መሃል ላይ አማት አይወርፍም። በማን እጅ ይጻፍ እንጂ ቃሉ የበላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲሄዱ አህያዋን እየነዳ እንዲሁ ሲቀልድ ሰምታዋለች። ግን ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት አስጽፎት ቢሆንስ? ይህንኛውን ሐሳብ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም በሙሉ አፏ አልተናገረችውም። አሰብ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ አለች፣ ቆረጠች።

መሄድ ደግሞ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ሚሌ ኬላ ላይ ይመለሳል። የቀበሌው ጸሐፊ ተክሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮጀርን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። አዝኖላት ወዲያው ጻፈ፤ የሟች በላይ ተፈራ ዘመድ፣ ንብረቱን ለመረከብ። ማህተሙን ሊመታ ሲል ትርንጎ ወረቀቱ ላይ እጇን አሳረፈች።

“ሟች የሚለውን ሰርዝልኝ።”

“ትርንጎ፣ እህቴ፣ ሟች ካልሆነ ምን ብዬ ልላክሽ? እጮኛ በሚል መመሪያ የለኝም። ወይ የሟች ዘመድ ነው፣ ወይ ባለቤት።”

ትርንጎ ዞር አለች። እናቷ ቢሮው በር ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው የስኳር ራሽን ወረፋ የያዘ ሰው አለ። አሁን የምትናገረው ቃል ከምሳ በፊት አጣዬ፣ ለነገ ማጀቴ ይደርሳል። የወርቁ ሰዎች ይቀራሉ። በላይ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ሳታገባ ባል የሞተባት፣ ሳትዳር የቀረች፣ የሰው አፍ መክፈቻ መሆኗ ነው። እጇን ግን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

“ባለቤቱ ነኝ” አለች። “እንደዚያ ብለህ ጻፍ። ባሏን ልትጠይቅ በል።”

ተክሌ እትዬ ፈለቀችን አየ፣ እሷን አየ፣ ጻፈ፣ መታ። እትዬ ፈለቀች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወረፋውን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ሄዱ። ትርንጎ ከጀርባቸው ስታያቸው እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ሴት መሰሏት።

ጀይላን በተሳቢው ጋቢና ወሰዳት። በሁለት ቀን መንገድ ከካራቆሬ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከባቲ ወርዶ በረሃው መሃል እስኪገቡ ብዙ አላወራም። ሚሌን አልፈው፣ የመኪናው ኮፈን በሙቀት ከጎኑ እስኪጣመም ድረስ (ይህንን ያየ አለ) ከነዱ በኋላ፣ ጋሼ ጀይላን፣ ሞቷል ይላሉ ብላ ጠየቀችው። ጀይላን መንገዱን እያየ፣ ወላሂ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ስነዳ የሞተ ሰው ሊያይ ይህን ያህል የቸኮለ ሰው አላሳፈርኩም አላት። ትርንጎ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ትኩሱ ንፋስ እንባዋን ጉንጯ ሳይደርስ ያደርቀው ነበር፣ ለዚህም ንፋሱን አመሰገነችው።

አሰብ፣ ካምፑ በር ላይ፣ ዘበኛው ወረቀቷን ሁለቴ አነበበ። ወደ ውስጥ ዞሮ፣ በላይ ተፈራን ሚስትህ መጥታለች በሉት ብሎ ጮኸ። ከውስጥ፣ እሱ ሚስት የለውም የሚል መልስ መጣ። ትርንጎ የበሩን ብረት ያዘች። ብረቱ ይፋጃል፣ አልለቀቀችውም። የለውም አሉ እንጂ የለም አላሉም፤ አልነበረውም ሳይሆን የለውም። ያቺን አንዲት ቃል እንደ ጽዋ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።

በላይ መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። አይቷት ቆመ።

“ለምን መጣሽ?”

“ለለቅሶ።”

“ማን ሞተ?”

“አንተ።”

ሊስቅ ጀምሮ አልሳቀችምና ተወው። ነገረችው። የእናቱን ነጠላ ስትነግረው አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አልቃሿ ሆላንድን እንዴት እንዳወረደች ስትነግረው ግን ሳቅም ለቅሶም የማይመስል ድምፅ አወጣ።

እሱም በተራው ነገራት፤ መርከብ ሲያስሩ ገመድ ነው እጁን የያዘው። ሦስት ጣቱ ተቆርጧል። ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝቶ አሰበበት፤ ገመድ የማይቋጥር መርከበኛ ነው፣ ወደ ቤቱ ቢመለስም ዶማ የማይጨብጥ ገበሬ ነው። እናቷ ደህና እያለም አልሰጡትም። እንግዲያው ታሪኩን ልጨርሰውና ነፃ ትውጣ አለ። እኔ ደህና ነኝ ብሎ ለመዋሸት አፉ እምቢ አለው፤ የቀረውን ለጓደኛው ለብርሃኑ ነገረው፣ ብርሃኑ ጻፈ። ሮጀርን እንጂ ራሴን አልገደልኩም አለ፣ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ።

“መጽሐፉን አምጣ” አለች ትርንጎ።

አመጣ።

“እንዴት እንደሞተ አንብብልኝ። ምንም ሳትጨምር።”

በግራ እጁ ገጹን መግለጥ አቃተው። እሷ መጽሐፉን ያዘችለት፣ እሱ እየተረጎመ አነበበ። ሮጀር በሃምሳ ዓመቱ ቀኝ እጁን አጣ። የንጉሡ ሹማምንት አገልግሎትህ ይበቃል፣ ቤትህ ተቀመጥ አሉት። አልቀመጥም አለ። በግራ እጁ መጻፍ ተማረና አርባ ማመልከቻ አስገባ። ሰልችቷቸው ከወደቡ ሁሉ አሮጌዋን መርከብ ሰጡት። በእሷ አሥራ አንድ ዓመት ተጓዘ። በሰባ ሁለት ዓመቱ፣ አልጋው ላይ፣ ሐኪሙን እየተሳደበ ሞተ።

ትርንጎ ከመጽሐፉ ቀና አለች። ባሕሩን ገና አሁን ነበር ያየችው፤ ከሮቢ ወንዝ በቀር ውኃ አታውቅም።

“የመስፍኑ ልጅስ? አገባችው?”

በላይ መጽሐፉን ከእጇ ሊወስድ ሞከረ፣ አልሰጠችውም።

“እዚህ ውስጥ ሴት የለችም” አለ በመጨረሻ። “ሁለት መቶ አሥር ገጽ ገመድና መድፍ ነው። እኔ ነኝ ያስገባኋት። ሰውዬው ብቻውን ሲሆን አሳዘነኝ።”

“ያስገባኸኝ አንተ ነህ” አለች ትርንጎ። “ማስወጣት ግን ያንተ ሥራ አይደለም። የዚያ ሁሉ ሰው መሳለቂያ ሆኜ፣ እናቴን አሳፍሬ፣ በማህተም ሚስቱ ነኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ሦስት ጣት ጎደለ ብለህ አትመልሰኝም። በላይ፣ ሰባት ጣት ለእኔ ይበቃኛል።”

ዘበኛው ወዲያ ዞረ። በላይ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሽንኩርት ያሳበበችው እንባ የዚያን ቀን ማሳበቢያ አላስፈለገውም።

በላይን በሕመም ምክንያት የሚያሰናብተው ቦርድ እስኪቀመጥ ትርንጎ እዚያው የጀይላን እህት ሐቢባ ቤት ቆየች። ጀይላን ቀድሞ ተመለሰ። ለበላይ እናት ንገርልን ብለው ሸኙት። የሆነውን ትርንጎ ኋላ ነው የሰማችው። ጀይላን መንደር ድረስ ወጥቶ፣ እማማ ዘነበች ፊት ቆሞ፣ የታዘዘውን እውነት ተናገረ፦ ደህና ነው፣ ትንሽ እጁን ብቻ ነው ያመመው።

ይህን እንኳ ባልተናገረ። ትንሽ አሞታል ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ? ቤቱ በአዲስ ለቅሶ ተነሣ። ጀይላን ወላሂ እያለ ማለ፤ አይዞህ፣ ጨዋ ሰው ነህ፣ ገብቶናል ብለው እሱኑ አጽናኑት። ልጅቱም እዚያው መቅረቷ እህል ውኃ እምቢ ብላ ይሆናል ተባለ። እትዬ ፈለቀች ይህን ሲሰሙ ሆቴሉን ዘግተው፣ ድስታቸውን ሁሉ አስጭነው፣ አርባውን ሊያወጡ መንደር ወጡ። ልጄ የባሏን ተዝካር ሳትሠራ ብትቀር እኔ እሠራዋለሁ አሉ። ባሏን አሉ፤ የሰማ ሁሉ ሰምቷል።

በአርባኛው ቀን ቀትር ላይ ዳሱ ሞልቶ፣ የንስሐ አባታቸው ባርከው፣ ሰው ሊጎርስ እጁን ሲሰድ ሁለት ሰዎች ዳገቱን ወጡ። መጀመሪያ ያየቻቸው አልቃሿ ናት። አፏን ከፈተች፣ ግጥም ግን አልመጣላትም። በላይ የራሱ ተዝካር ላይ ደረሰ። ቄሱ አማተቡ፣ ጠላ ቀጂው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ደረቀ፣ አንድ ሽማግሌ እንጀራውን እንደያዘ ከዳሱ በኋላ በር ወጥቶ እስከ ማታ አልተመለሰም።

እማማ ዘነበች ቀስ ብለው ተነሡ። ፊቱን አልነኩትም። የታሰረውን እጁን አንሥተው በፋሻው ላይ አንድ በአንድ ጣቶቹን ዳሰሱ፣ የጎደሉት ሦስቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“እጁን ነው ያሉኝ” አሉ። “ለካስ እውነታቸውን ኖሯል።” ከዚያ በኋላ ነው አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት።

አስቀመጡት። ድግሱ የእሱ ነውና ፊቱ ማዕድ ቀረበ። በላይ ማዕዱን አየ፣ ፋሻውን አየ። በግራ እጅ አይበላም፣ ያውም በአማት ፊት። ትርንጎ ልትነሣ ስትል እትዬ ፈለቀች ቀደሟት። መጡ፣ አጠገቡ ቁጢጥ አሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ። አርባ ቀን ያበሰሉትን ሐዘን ጠቅልለው በእንጀራ አጎረሱት። ደገሙት። ሠለሱት። ዳሱ ሁሉ ቆጠረላቸው። ሲጨርሱ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ድስታቸው ተመለሱ፤ ትርንጎ ግን ሲዞሩ ዓይናቸውን አይታለች፣ ሽንኩርት ደግሞ በዚያ አካባቢ አልነበረም።

ያልኳችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፣ እሷንም ስላስጨነቀችኝ ልናገር። እትዬ ፈለቀች ሦስቴ አላጎረሱትም። አንዴ ነው። ከዚያ በላይ አልቻሉም፤ ሁለተኛው ጉርሻ ከእጃቸው አምልጦ ወጡ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰና ተነሥተው ሄዱ። የቀረውን ያጎረሰችው ትርንጎ ናት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ማዕዱ እስኪያልቅ።